ደረሰኝ

የካፖርቱን ገበር እየተረተረች ነበር። ምላጩን በሁለት ጣቷ ይዛ ክሩን ብቻ ትነካዋለች፤ ጨርቁ ሳይሰማ ስፌቱ ይፈታል። ካፖርቱ የአንድ ሆቴል በር ጠባቂ ነው። ከውጭ ሲያዩት ቁልፎቹ እንደ ጄኔራል ልብስ ያብለጨልጫሉ፤ ውስጡ ግን ተበልቶ አልቆ ሰውየው በለበሰው ቁጥር ክንዱ በእጅጌው ፈንታ በገበሩ ቀዳዳ ይገባበታል። «እንግዳው ሻንጣውን ይዞ ቆሞ እኔ የገዛ እጄን ስፈልግ!» ብሎ እየሳቀ ነበር ያመጣላት። ማታ ተረኛ ስለሆነ ፀሐይ ሳትጠልቅ መጥቶ ሊወስደው ተቀጣጥረዋል። የጠዋቱ ብርሃን ከበረንዳው ግራ ጥግ ገብቶ ጭኗ ላይ ከተዘረጋው ጨርቅ ላይ አርፏል። ብርሃኑ ፈቀቅ ባለ ቁጥር ሰፊዋም በርጩማዋን ይዛ ፈቀቅ ትላለች። በዚህ በረንዳ ላይ ሰዓት አያስፈልጋትም፤ በርጩማዋ የት እንደደረሰ አይታ ምሳ መቅረቡን ታውቃለች።

በረንዳውን ከግቢው የሚለየው በገመድ ላይ የተንጠለጠለ አሮጌ አንሶላ ነው። አንሶላ ደግሞ ዓይን ይጋርዳል እንጂ ጆሮ አይጋርድም። ከማዶ አከራይዋ፣ የመንገድ ዳሯን ክፍል ተከራይታ የውበት ሳሎን ከከፈተችው ፀጉር ሠሪ ጋር ቆመው ያወራሉ።

«ከቤቴ ውጪ አላልኳትም፤» ይላሉ አከራይዋ። «ወር ሲሞላ መኪናሽን ከበረንዳዬ ላይ አንሺ ነው ያልኳት። ስልክ ጠጋኙ ልጅ ጥሩ ኪራይ አምጥቷል።»

«እና የት ትስፋ እትዬ?»

«ውስጥ ነዋ! አምፖል አላት አይደል?»

«ሰፊ እኮ ናት። ያለ ፀሐይ እንዴት አድርጋ…»

«ጠጋኝ በያት። ሰፊ አዲስ ልብስ የሚሰፋ ነው። እሷ የሰው አሮጌ ስትጠጋግን ነው የምትውለው።»

ሰፊዋ ቀና አላለችም። ምላጩ ብቻ ለአፍታ ቆመ። መኪና የሚሉት የስፌት መኪናዋን ነው፤ ትናንት ፊት ለፊት የነገሯትን ዛሬ ለሰው ሲነግሩ እየሰማች ነው። ስልክ የሚጠግነውም ጠጋኝ ነው፣ ልብስ የሚጠግነውም ጠጋኝ ነው፤ ልዩነቱ የስልኩ ጠጋኝ ኪራይ መጨመሩ ነው ብላ አሰበች። ከኋላዋ ያለችው ክፍል አልጋ፣ ቁምሳጥን፣ ምድጃና አንድ አምፖል ይዛ አንድ ሰው ሲያልፍ ሌላው አልጋ ላይ የሚወጣባት ክፍል ናት። እዚያ ውስጥ ጥቁር ክርና ጥቁር ሰማያዊ ክር አንድ ናቸው። አንዴ ዝናብ ሆኖ ውስጥ የሰፋችውን ሱሪ ደንበኛው በማግሥቱ ይዞባት መጥቶ፣ ፀሐይ ላይ ዘርግቶ አሳይቷታል። ከዚያ ወዲህ ውስጥ ሰፍታ አታውቅም። በረንዳው ከሄደ ሙያዋም አብሮ ይሄዳል፤ ይህን ለአከራይዋ ለማስረዳት ቃል አጥታ ነው ትናንት ዝም ያለችው።

ባሏ ውስጥ ጫማውን ሲያስር ይሰማታል። ዕድሜውን የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ በጉልበቱ ሕመም ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ግቢው ፊት ለፊቱ «ጋሼ ሾፌር»፣ ከኋላው ደግሞ «ሚሊየነሩ» ይለዋል። በየዕጣው አንድ ትኬት ይቆርጣል። «ዕድል ካወቀኝ በአንዷ ያውቀኛል፣ ካላወቀኝ በመቶም አያውቀኝ» ይላል። ዕጣው በወጣ ማግሥት ውጤቱ በጠዋት ይለጠፋል፤ እሱ ግን ቀትር ሳይሆን አያየውም። ግማሽ ቀን ሚሊየነር ሆኖ መዋል በነፃ ነው፣ ለምን ያሳጥረዋል? «ላም አለኝ በሰማይ አሉ» ስትለው፣ «የሰማይ ላም መኖ አትጠይቅሽ፣ በረት አትጠይቅሽ፣ ምን አደረገችሽ?» ብሎ ይመልስላታል። ሲወጣለት ምን ሊገዛ እንዳሰበ ግን ነግሯት አያውቅም። አንድ ጊዜ አጥብቃ ብትጠይቀው «ስደርስበት እነግርሻለሁ» አላት። አውቶቡስ ነው ብላ ደምድማለች። መንገድ ዳር ሲቆም አዲስ አውቶቡስ ካለፈ አንገቱ ተከትሎት ይሄዳል።

«መኪናሽስ?» አለ ሾፌሩ ወደ በረንዳው ብቅ ብሎ።

«የኔዋ እንደ ቆመች ናት። ያንተዋስ?»

«የኔዋ ቀትር ላይ ትነሳለች፤» አለና የደረት ኪሱን መታ መታ አድርጎ እያነከሰ ወጣ። ሁለቱም መኪና ነጂ ነን ብለው የሚቀልዱት ከተጋቡ ጀምሮ ነው።

የቆመችው መኪና ነገር እንዲህ ነው። ሰፊዋ ለብዙ ጊዜ ከገበርና ከዚፕ ሥራ ቆጥባ ለአሮጌ የስፌት መኪናዋ ሞተር ገዛችላት። የእግር መርገጫውን አስነቅላ ለብረት ሰብሳቢ ሰጠች። ሞተሩ ሳምንት ሳይሞላው ጢስ ተፋና ዝም አለ። የሸጠላት ሱቅ ደግሞ ስትደውል መጀመሪያ «ከእኛ መግዛትሽን በምን እናውቃለን?» አለ፤ ቀጥሎ ያለ ደረሰኝ አንቀይርም አለ፤ ደረሰኝ አለኝ ስትል መስመሩ አላሰማ አለ። እንደገና ልትሞክር ካፖርቱን አጣጥፋ አስቀመጠች፣ ከመኪናዋ መሳቢያ ወረቀቱን አወጣችና ወደ ቧንቧው ሄደች። በዚህ ግቢ ስልክ የሚሠራው ቧንቧው አጠገብ ብቻ ነው፤ ቧንቧው ደግሞ የውበት ሳሎኑ የኋላ መስኮት ሥር ነው።

«ሄሎ! ሄሎ! ይሰማል? … ደረሰኝ! ደረሰኝ እኮ ነው የምልህ! … አዎ፣ በእጄ ነው፣ ይኸው ይዤዋለሁ! … ቁጥሩን ላንብብልህ? ዜሮ፣ አራት፣ ሰባት፣ ሰባት፣ ሁለት፣ ዘጠኝ! … ልክ ነው? ልክ ነው አልክ? ተመስገን! … አይ፣ ለማንም አልሰጥም! ነገ ጠዋት ራሴ ይዤ እመጣለሁ!»

ሳሎኑ ውስጥ የፀጉር ማድረቂያው ጠፍቶ እንደነበር ሰፊዋ አላስተዋለችም። ተመልሳ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች፣ አሮጌውን ገበር አዲሱ ጨርቅ ላይ ዘርግታ በጠመኔ ዙሪያውን ማስመር ጀመረች። ብዙም ሳይቆይ ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያዋን እንደያዘች አንሶላውን ገልጣ ገባች።

«እንኳን ደስ ያለሽ!» አለች በሹክሹክታ።

«እንኳን አብሮ ደስ ያለን። ሰማሽኝ እንዴ?»

«እንደዚያ ጮኸሽ ማን የማይሰማ አለ!»

«ካልጮህኩ አይሰሙኝማ። መጀመሪያ ሊክዱኝ ነበር እኮ።»

«ሊክዱሽ? እግዚኦ! የሰው ሐቅ!»

«ቁጥሩን ሳነብላቸው ነው ጸጥ ያሉት።»

«ይበላቸው! ጋሼ ሾፌር ሰማ?»

«አልነገርኩትም። ምን ያስቸኩለኛል፣ ሲመጣ ይሰማል።»

ፀጉር ሠሪዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ጉድ ነሽ አንቺ! እኔ ብሆን አሁን ጣራ ላይ ነበርኩ። በይ፣ ለማንም አልተነፍስም፣ ስሞት።»

«ብትናገሪስ ምን አለበት? ሌላውም ይወቅ፣ ወረቀቱን እየጣለ ነው የሚቸገረው።»

ፀጉር ሠሪዋ ይህን እንደ ታላቅ ምክር ተቀብላ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ ሳሎኑ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ማድረቂያ አልተነሳም።

ረፋዱ ላይ አከራይዋ መጡ። በእጃቸው የሳሎናቸውን ትራስ ይዘዋል፤ ያንን ከርቀት ብቻ የሚታየውን፣ እንግዳ ሲመጣ የሚወጣውን። «በርጩማሽ ደንዳና ነው ብዬ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስትቀመጪበት ወገብሽን ይጎዳሻል» አሉና እስክትነሳ ጠብቀው በእጃቸው አመቻቹላት። ከዚያ የተኛውን ካፖርት ዳሰሱ። እጅሽ ይባረክ አሉ። እሳቸው የሚያውቁት ሰው ሁሉ ይህቺን ሴት ባለሙያ ናት ሲሉ እንደሚሰማ ተናገሩ። ድምፃቸው እየጨመረ፣ ከአንሶላው ማዶ ለሚያልፈው ሁሉ እንዲደርስ ሆነ፤ «በረንዳውን በተመለከተ ትናንት ያልኩሽን እንዳትቀየሚኝ ልጄ፣ ሰው ሲቆጣ አፉ ይቀድማል። እኔ በሕይወት እስካለሁ ይህቺን መኪና ከዚህ የሚያነሳት የለም። ስልክ ጠጋኙ ሌላ ቤት ይፈልግ!» አሉና ወጡ።

ሰፊዋ መቀሱን ይዛ ቀረች። ጠዋት የሰማችውን ሁሉ መልሳ አሰበች፤ ምናልባት የፀጉር ሠሪዋ ቃል አሳፍሯቸው ይሆናል። ምናልባትም እዚሁ ቆመው ሲያዩ፣ አሮጌው ገበር እንዴት ሳይቀደድ እንደወጣ አይተው ይሆናል። እጄን አይተው ነው አለች በልቧ። ይህን ስታስብ ጀርባዋ ሳታዝዘው ቀና አለ። አዲሱን ገበር ስትቆርጥ መቀሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆም እንደ ውኃ ሄደ፤ ሰው እየሰማት እንደሆነ ሁሉ ለራሷ አንጎራጎረች። ትራሱ ለስላሳ ነበር።

ከቀትር በፊት በሩ ላይ ታክሲ ቆመ፤ ታናሽ እህቷ ወረደች። ሰፊዋ እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደገቻት፣ ከሌሎች ሰዎች ልብስ ከተረፈ ጨርቅ ዩኒፎርም እየሰፋች ያስተማረቻት እህቷ ናት። አሁን የኢንሹራንስ ቢሮ ሠራተኛ ሆና ከተማው ሌላ ጫፍ ትኖራለች፤ ለሥራ ባልደረቦቿ «እህቴ ዲዛይነር ናት» ማለቷን ሰፊዋ ከሰው ሰምታለች። ቢሮዋ አጠገብ የሚሠራ ደንበኛ ነው የነገራት፤ ሰፊዋ ያን ቀን የሰውየውን ኮሌታ አዙራ ስትሰፋው ከወትሮው አጥብቃ ሰፋችው። እህትየዋ ከመጣች ዝናብ አልፎ ሌላ ዝናብ መጥቷል። ዛሬ በእጇ የኬክ ካርቶን ይዛ፣ ተረከዟ በግቢው ድንጋይ መሐል እየገባ፣ «እታለም!» እያለች ገብታ አቀፈቻት። አቅፋት ስትቆይ ሰፊዋ ከትከሻዋ በላይ የልብሷን ስፌት አየች፤ የሱቅ ነው፣ ብብቱ ላይ እየተፈታ ነው።

ቁጭ አሉ። እህትየዋ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ግድግዳውን፣ መኪናዋን፣ የተንጠለጠለውን አንሶላ በተራ አየች። ሰፊዋ ክር በመርፌ ታስገባለች። ከቧንቧው ውኃ ጠብ ይላል።

«ባንክ ብቻሽን እንዳትሄጂ፤» አለች እህትየዋ። «ዘንድሮ ሰው አይታመንም። እኔ ፈቃድ ወስጄ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

«ባንክ ምን ልሠራ?»

«በናትሽ እታለም! ከኔ ትደብቂያለሽ? ቢሮ ድረስ ነው ወሬው የመጣልኝ። ስንት ነው የደረሰሽ?»

«ምኑ?»

«ሎተሪው ነዋ!»

መርፌው ከጣቷ ላይ ቆመ። በመጀመሪያ የመጣባት ሳቅ ነበር። ደረሰኝ፣ ደረሰኝ ብላ የጮኸችው፣ ቁጥር ያነበበችው፣ ተመስገን ያለችው፣ ለማንም አልሰጥም ያለችው፣ ሁሉም ወደ ጆሮዋ ተመልሶ መጣ። ሳቁ ሳይወጣ ግን ትራሱ ትዝ አላት። ከሥሯ ያለው ልስላሴ በድንገት ለሌላ ሰው በተያዘ ወንበር ላይ የተቀመጠች ያህል አሳፈራት። እጇን አይተው አልነበረም። ካፖርቱን የዳሰሱት ጣቶች ካፖርቱን አልዳሰሱም።

ሦስተኛ የመጣባት ሐሳብ ከሁለቱ ይልቅ ቀዝቃዛ ነበር። ዝም ብትልስ? አልዋሸችም፤ ሰው በራሱ ጆሮ ነው የተታለለው። አከራይዋ ግቢው እየሰማ ቃል ሰጥተዋል። ስልክ ጠጋኙ ዛሬ ማታ መልስ ከሰጡት ነገ ሌላ ቦታ ይከራያል፤ ከዚያ በኋላ እውነቱ ቢወጣ በረንዳውን የሚፈልግ የለም። ዛሬን ብቻ ዝም ማለት ነው። ካፖርቱን መጨረስና ዝም ማለት። እህትየዋ ስለ ባንክ ደብተርና ስለ አስተማማኝ ሰፈር እያወራች ነው፤ ሰፊዋ እየሰማች እንዳልሆነ አላወቀችም።

ከአንሶላው ማዶ ድምፅ ተነሳ። ሾፌሩ መጥቷል። የግቢው ሰው ቧንቧው አጠገብ ከብቦታል።

«ጋሼ ሚሊየነር! ስሙን አንተ ይዘህ ዕጣው በሚስት በኩል ወጣ!» ትላለች ፀጉር ሠሪዋ።

ምንድነው ብሎ ሳይጠይቅ ሲቀር፣ ወሬውን መንገድ ላይ ሰምቶ እንደመጣ ሰፊዋ አወቀች። አሁን ይቆጣል አለች። እኔ ዕድሜ ልኬን ስቆርጥ ተደብቃ ቆረጠች ይላል፤ ኩሩ ሰው ነው፣ ይከፋዋል። ሾፌሩ ግን ሳቀ። በመንገድ ላይ ሲሮጥ እንደመጣ ሰው ትንፋሹ ተቆራርጧል።

«ይገባታላ! እኔ ሎተሪ ስቆርጥ እሷ ጨርቅ ስትቆርጥ ነው የኖርነው። እኔ የቆረጥኩት ሁሉ ቅርጫት ነው የገባው። እሷ የቆረጠችውን ሰው ለብሶታል። እንግዲህ ዕድል ዓይን ካለው ወደ ማን ይሂድ?»

«አውቶቡስህን ገዛህ በለኛ!»

«አውቶቡስ? ይህን ጉልበት ይዤ?» አለ ሾፌሩ። «አንድ ቤት ነው። ሌላ ምንም አይደለም። ለሰፊ ሰፊ መስኮት፣ በግራ በኩል። ብርሃን በቀኝ ከገባ የገዛ እጇ ጥላ ስፌቷ ላይ ይወድቃል፤ ይህን ያወቅኩት በርጩማዋን ስትጎትት እያየሁ ነው። ጠረጴዛው ደግሞ… ቆይ፣ ቆይ…» ኪሱን እየፈተሸ ነው። ሰፊዋ በአንሶላው ዳር አየችው። ትኬት ከሚይዝበት ቦርሳ ውስጥ ቀይ ክር ጎትቶ አወጣና አንዱን ጫፍ በጫማው ረግጦ ሌላውን ወደ ላይ ወጠረው። ክሩ ላይ ቋጠሮ አለ። «ይኸ ነው ቁመቱ። እዚህች ቋጠሮ ላይ ከሆነ አትጎብጥም። ተቀምጣ ስትሰፋ ከኋላዋ ለክቼ ነው።»

«ሜትር ሞልቶ በክር?»

«ሜትሯን ብነካባት ታውቃላ!»

ሰዉ ሳቀ። ሰፊዋ ያንን ቀይ ክር ታውቀዋለች። የአንዲት ሙሽራ ጥልፍ ስትሠራ ከጥቅሉ ላይ ጎድሎባት፣ ቤቱን ስትገለብጥ፣ እሱ አልጋው ላይ ተቀምጦ «አይጥ ይሆናል» ብሏት ነበር። ያ ሠርግ ካለፈ ሙሽራዋ ልጆች አድርሳለች። ያን ሁሉ ጊዜ፣ በየዕጣው፣ ትኬቱ እየተጣለ በሌላ ሲተካ፣ ክሩ እዚያው ቦርሳ ውስጥ ነበር። ይህን ሰው በሌላ ሰው ስህተት ላይ አቁማው ግቢ ሙሉ ሰው ነገ እንዲስቅበት ልትተወው አትችልም።

መሳቢያውን ከፈተች። እህትየዋ ክንዷን ያዘቻት። «ዛሬ አትናገሪ እታለም፣ ሰው ይመኝብሻል።» ሰፊዋ ክንዷን ቀስ ብላ አላቀቀችና ትራሱን በአንድ እጇ፣ ወረቀቱን በሌላው ይዛ አንሶላውን ገልጣ ወጣች። እልልታ የጀመረ አንድ ሰው ፊቷን አይቶ አቆመ።

«ስሙኝ፤» አለች። «የደረሰኝ ነገር የለም። ያለኝ ደረሰኝ ነው።»

ማንም አልገባውም። ወረቀቱን ከፍ አደረገችው። «የሞተሬ መግዣ ደረሰኝ። ተቃጥሎብኝ ሊቀይሩልኝ ነው። ቧንቧው ጋ ስጮህ የነበረው ይህን ነው።»

ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያዋን ኪሷ ውስጥ ከተተች። ከኋላ አንድ ሰው በአፍንጫው ሳቀና ማንም ስላልተከተለው ዝም አለ። ሾፌሩ ክሩን እንደ ወጠረ ቆሟል፤ ፊቱ ላይ ያለው ነገር ወዴት እንደሚሄድ ገና አልወሰነም። ከዚያ ክሩን ጣቱ ላይ ጠቀለለ፣ እጁን ዘርግቶ ወረቀቱን ተቀበላት፣ ከዓይኑ አርቆ ያዘው።

«ቁጥር አለው፤» አለ ቀስ ብሎ። «ማህተም አለው። ስም አለው፣ የሷ ስም።» ወደ ሰዉ ዞረ። «እኔ ከቆረጥኳቸው ሁሉ ይኸ ይሻላል። ይህን ይዞ የሄደ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም።»

አሁን ሁሉም ሳቀ፤ ሾፌሩ ቀድሞ ስለሳቀ በሱ ላይ የሳቀ የለም። አከራይዋ ግን በራቸው ላይ እንደቆሙ ነበሩ። «እኔማ ድሮም ለሷ ብዬ እንጂ…» ጀምረው አልጨረሱትም። ሰፊዋ ወደ እሳቸው ሄደች። ትራሱን አራገፈችው፣ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።

«እትዬ፣ ጠዋት ያሉትንም ሰምቻለሁ፣ ረፋድ ላይ ያሉትንም ሰምቻለሁ። ለባለ ሎተሪዋ የሰጡትን ቃል እኔ አልይዝዎትም። ለሰፊዋ የሚሉት ካለ ለሰፊዋ ይንገሩኝ። ጠጋኝ ቢሉኝም ቅር አይለኝም። በዚህ ግቢ እኔ ያልጠገንኩት ልብስ የለበሰ ካለ ግን ይናገር።»

ሰው ሁሉ ሳያስበው ወደ ራሱ ተመለከተ። አንዱ ኮሌታውን ነካ። ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያዋን የከተተችበትን ኪስ ዳር በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። አከራይዋ ትራሱን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ባለፈው ያሳጠረችላቸውን የቀሚሳቸውን ጠርዝ አዩና ገቡ። ሰዉም አንድ በአንድ ተበተነ።

እህትየዋ በረንዳው ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር። «ታክሲው እየጠበቀኝ ነው፤» አለች። ታክሲው ከሄደ ቆይቷል፤ ሁለቱም ያውቃሉ። ኬኩን መውሰድም መተውም አሳፍሯት በርጩማው ላይ አስቀመጠችው። በሩ ጋ ስትደርስ ዞራ፣ «ሰዎች ልብስሽን የት ነው የምታሰፊው ሲሉኝ…» አለችና ቀጥሎ ያለውን አጣችው።

«ንገሪያቸዋ፤» አለቻት ሰፊዋ። «መጀመሪያ ግን ይህን ብብትሽን አምጪው። እየተፈታ ነው።»

እህትየዋ ክንዷን አንስታ አየች። ዓይኗ ውኃ ሞልቶ ሳቀች። እሑድ እመጣለሁ ብላ ወጣች፤ እሑድ መምጣት አለመምጣቷን እሑድ ያሳያል።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በበረንዳው ቀኝ ጥግ ቀጭን ሆና ቀረች። ሰፊዋ ገበሩን ለጊዜው እንዲይዝ በእጅ ሸምሽማ ጨርሳ ወደ መኪናዋ አቀረበችው። ሾፌሩ ቀዩን ክር ከጣቱ ላይ ፈታ። አንዱን ጫፍ ረግጦ ከመኪናዋ ጠረጴዛ አጠገብ ወጠረው፤ ቋጠሮው ከጠረጴዛው ጥቂት ከፍ ብሎ ቆመ። አየውና ወደ ግቢው ወረደ። ቧንቧው አጠገብ ከአጥር ሥራ የተረፉ ጡቦች ተከምረዋል። ጎንበስ ብሎ አንዱን ሲያነሳ አከራይዋ መስኮታቸውን ከፈቱ። ሰፊዋ መርፌ ቁልፍ በከንፈሯ ይዛ ቀጥ አለች።

«እሱን አይደለም፤» አሉ አከራይዋ። «እሱ ተሰንጥቋል፣ መኪናዋን አይችልም። ከሥር ያሉት ደህና ናቸው።» መስኮቱን መልሰው ዘጉ።

ሾፌሩ ከሥር ያሉትን እያመላለሰ ከጠረጴዛው እግሮች ሥር አስገባ፤ አንዱ ሲወዛወዝ የካርቶን ቁራጭ አጠፈለት። እንደገና በክሩ ለካ። ቋጠሮውና ጠረጴዛው ተገናኙ። ሰፊዋ ተቀመጠች። የሚቀረው እጇን ማሳረፍ ብቻ ነበር፤ ወገቧ የሚጎብጥበትን ቦታ ፈልጎ አጣው።

«ሞተር የለም፤» አለች። «መዘውሩን ሰው ያዙርልኝ፤ ሁለት እጄን ጨርቁ ይፈልገዋል።»

«ልንዳልሽ?»

«መንጃ ፈቃድ አለህ?»

«ጊዜው ያለፈበት።»

በርጩማ ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና መዘውሩን ያዘ። መርፌዋ ወረደች፣ ወጣች። መጀመሪያ አፈጠነው፤ «ቀስ በል፣ ብብቱ ጋ ነን፣ ኩርባ ነው» አለችው። «ኩርባ ለኔ ታስተምሪያለሽ?» አለ፤ ግን ቀስ አለ። እሷ ጨርቁን በሁለት እጇ እየመራች፣ እሱ መንገዱን በእጆቿ ላይ እያነበበ ሄዱ። «ቁም» ስትለው «ወራጅ አለ!» ይላል። አውቶቡስ ሲነዳ ይህ ድምፅ ምን ይመስል እንደነበር ሰምታው አታውቅም፤ እሱ በሚነዳው ተሳፍራ አታውቅም ነበርና። እሱ የጫነው ሰው ሁሉ ይህን ያህል በጥንቃቄ ተጉዞ ነበር ማለት ነው ብላ አሰበች።

«ትኬትህስ?» አለችው እጅጌው ጋ ሲደርሱ። «ዛሬ ውጤቱን አላየህም እኮ።»

መዘውሩ ቆመ። በነፃ እጁ የደረት ኪሱን ነካ። «ረሳሁት፤» አለ ተገርሞ። «አንቺ ደረሰሽ ሲሉኝ የራሴን ረሳሁት።» ትኬቱን አውጥቶ አየው፤ መሳቢያዋን ከፍቶ ከደረሰኙ ጎን አስቀመጠው። «እዚሁ ይደሩ። ነገ አንቺ አንዱን ትቀይሪያለሽ፣ እኔ አንዱን አያለሁ።»

የመጨረሻውን ክር በጥርሷ በጠሰች። ካፖርቱን አራገፈችና እጇን በእጅጌው ሰደደች፤ እጇ ሳትሰናከል፣ ሳትጠፋ፣ በሌላኛው ጫፍ ወጣች። ሾፌሩ እጁን ከመዘውሩ ሳያነሳ ያያታል።

«ደረሰ?» አላት።

«ደረሰ።»

የሚያብለጨልጩትን ቁልፎች ከላይ ወደ ታች ቆለፈች፣ ትከሻውን በመዳፏ ጠረገችና ካፖርቱን ከበሩ ጎን ካለው ምስማር ላይ ሰቀለችው።